ፎርጅድ ፊልም ወደ ቤታችን እንዳይገባ

(በሬድዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር ለመጽሔቱ አንባቢያን እንዲመች ተደርጎ የተዘጋጀ)

 

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። በኢንተርኔት ገበያ ኦርጅናል ነው የተባለ ፊልም ከፍለን ስንጠብቅ ፎርጅድ ስለሚደርሰን ነገር ነው የማወራው። ፊልም ማየት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ዛሬ አልገባበትም፤ እሱን ዑለሞቻችንን ጠይቁ። የእኔ ንግግር ለቤተሰቡ ፊልም ለመግዛት ለወሰነ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው በመካከላችን ብዙ ነው። አንዱ እኔ ነኝ፤ ተታልዬም አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ ከወሎ ተነስታ እኛን ለመጠየቅ እዚህ አሜሪካ መጥታ ነበር። በወጣትነቷ ጅዳ ብዙ ዓመት ሠርታ ስለኖረች ዐረብኛ አሳምራ ትሰማለች። ዒድ ሲቃረብ «አር-ሪሳላ» የተባለውን ፊልም ላሳያት አሰብኩ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሶሪያ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ሙስጠፋ አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው፣ ስለ ኢስላም መነሻ የሚተርከው ፊልም ነው። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምስልም ሆነ ድምፅ የለበትም። ዐቃድ ፊልሙን የቀረጸው ሁለት ጊዜ ነው። በእንግሊዝኛው ሐምዛን (ረ.ዐ) ሆኖ የሚጫወተው አንቶኒ ኩዊን ሲሆን፣ በዐረብኛው ደግሞ ግብፃዊው ዐብደላህ ጌይስ ነው። ስለዚህ አንዱ የሌላው ትርጉም አይደለም፤ ተዋንያኑም ርዝመቱም የተለያዩ ሁለት ፊልሞች ናቸው። የእንግሊዝኛው ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆን የዐረብኛው ከዚያም ይረዝማል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እናቴ ከፊልሙ ውስጥ አንድ ቦታ ለማየት ጓጉታ ነበር። ሰሓቦች ከመካ ስደት ወጥተው በሀገራችን ንጉሥ በነጃሺ ፊት የቆሙበትን። «እሱን ካሳየኸኝ ሌላውን ተወው» አለችኝ።

ኢንተርኔት ከፈትኩ። ሁለት ዲስክ ያለው፣ ዐረብኛውንም እንግሊዝኛውንም የያዘ፣ አዲስና ላስቲኩ ያልተከፈተ፣ ዋጋውም ዘጠኝ ዶላር። ሌሎቹ ሻጮች ለዚሁ ሠላሳ ዶላርና ከዚያ በላይ ይሉ ነበር። ጎበዝ ነኝ፣ ርካሽ አገኘሁ ብዬ ከፈልኩ። ሻጩ ማን ነው፣ ከየት ነው የሚልከው ብዬ አላየሁም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በስስ ፖስታ ደረሰ። የሽፋኑን ሥዕል መጀመሪያ አይታ የጠረጠረችው የአሥር ዓመት ልጄ ናት። «አባ፣ ፊደሉ ለምንድን ነው የደበዘዘው?» አለችኝ። ገልብጣ ደግሞ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረች። ጽሑፉ ስለ ሌላ ፊልም ነው! ሁለት የተባለው ዲስክም አንድ ሆኖ ተገኘ። እኔ ግን እናቴ ፊት እንዳላፍር «ይሁን፣ ዋናው ውስጡ ነው» ብዬ ማጫወቻው ውስጥ ከተትኩት። ምስሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ሆኖም ሄደ፤ ሄደና ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ቆሞ ሊናገር ሲል ቀጥ አለ። ብጠርገው፣ ባወጣው ባስገባው እምቢ አለ። እናቴ ምንም አላለችም። ዝም ብላ መቁጠሪያዋን አነሳች።

በዚያ ሌሊት ትዝ ያለኝ በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበው የእህል ክምር ታሪክ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር ያያሉ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ ጣቶቻቸው እርጥበት ያገኛሉ። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ መትቶት ነው አለ። እንግዲያው ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው ገሠጹት፤ የሚያታልል ሰው ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነም ተናገሩ። ይህን ታሪክ ሁላችንም የምናውቀው ሻጭን ለመገሠጽ ነው። እኔን በዚያ ሌሊት የነካኝ ግን ሌላው ክፍሉ ነው፤ እጃቸውን ወደ ክምሩ ውስጥ ማስገባታቸው። ላይ ላዩን አይተው አላለፉም። እኔ ደግሞ ላይ ላዩን እንኳ በደንብ ሳላይ ከፈልኩ።

በኢንተርኔት ገበያ እጅ የምናስገባበት ክምር የለም፤ የምናየው ፎቶ ብቻ ነው። ያም ሆኖ እጅ የምናስገባበት መንገድ አለ፤ እሱን ነው የምነግራችሁ።

በቅድሚያ ግን ነገሩ ለምን እንደበዛ ላንሳ። ድሮ ዲስክ የምንገዛው ከትልልቅ መደብሮች መደርደሪያ ላይ ነበር። አሁን መደርደሪያው እየጠፋ ነው። ኔትፍሊክስ ዲስክ በፖስታ የመላክ አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ዘጋ። ቤስት ባይ በ2024 ፊልም በዲስክ መሸጥ አቆመ። ዲስክ የሚፈልግ ሰው ወደ ኢንተርኔት ገበያ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ዋናው ድርጅት ብቻ ሳይሆን በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች ሻጮችም በዚያው መስኮት ይሸጣሉ። የገበያው ስም ትልቅ ስለሆነ ሻጩም የታመነ ይመስለናል። መርካቶ ትልቅ ስለሆነ ብቻ እዚያ ያለው ነጋዴ ሁሉ ታማኝ ነው እንደማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ማየት ያለብን ከዕቃው ይልቅ ሻጩን ነው። አማዞን ላይ ከሆናችሁ ዕቃውን «የሚልከው» እና «የሚሸጠው» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። የሚልከው አማዞን ሆኖ የሚሸጠው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ለብዙ ዓመታትም የተለያዩ ሻጮች ያስቀመጡት አንድ ዓይነት ባርኮድ ያለው ዕቃ በመጋዘኑ ውስጥ ይደባለቅ ነበርና፣ ከታማኙ ሻጭ የገዛ ሰው የሌላው ዕቃ ሊደርሰው ይችል ነበር። ኢቤይ ላይ ደግሞ ዕቃው ከየት ሀገር እንደሚላክ ተጽፏል። የአሜሪካ እትም ነው የተባለ አዲስ ዲስክ ባሕር አቋርጦ በስስ ፖስታ የሚመጣ ከሆነ ጠይቁ። የገዢዎችን አስተያየት ስታነቡም ቁጥሩን ብቻ አትመልከቱ፤ መጥፎዎቹን ለይታችሁ አንብቡ። መቶ ሰው የስልክ ሽፋን ገዝቶ አመስግኖ ሊሆን ይችላል፣ ዲስክ የገዙት ሦስቱ ግን እያለቀሱ ነው።

አሜሪካ ለምንኖር እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ «ኢንፎርም ኮንሲዩመርስ አክት» የሚባል ሕግ አለ። በኢንተርኔት ገበያ ብዙ የሚሸጡ ሰዎችን ማንነት ገበያው እንዲያጣራ ያስገድዳል። በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር በላይ የሚሸጥ ከሆነም ስሙና አድራሻው ለገዢ እንዲታይ ያዛል። እንግዲህ በብዛት የሚሸጥ መሆኑ የሚታይ ሻጭ ስምም አድራሻም ከሌለው፣ እለፉት።

ፎቶውንም እዩ። የፋብሪካውን የማስታወቂያ ሥዕል ብቻ የለጠፈ ሰው ዕቃውን አላሳያችሁም። የታችኛውን ፊት ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ በገበያው የመልእክት ሳጥን ጠይቁት። ሐቀኛ ሻጭ አይቀየምም። ዋጋውን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ ያገለገለ ዲስክ በሁለት ዶላር ቢሸጥ አይገርምም፣ «አዲስ ያልተከፈተ» የተባለ ሙሉ ስብስብ በሲሶ ዋጋ ሲቀርብ ግን እኔ እንደሆንኩት አትሁኑ።

አሁን እኛን ሐበሾችን በተለይ ወደሚያታልለው ነገር ልግባ። ዲቪዲ ዓለምን በቁጥር ከፍሎ ነው የሚሸጠው። አሜሪካና ካናዳ ቁጥር 1 ናቸው። አውሮፓና ሳዑዲን ጨምሮ መካከለኛው ምሥራቅ ቁጥር 2፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ከአብዛኛው አፍሪካ ጋር ቁጥር 5። ከዚህ የተገዛ ባለ ቁጥር 1 ዲስክ አዲስ አበባ ለዘመድ ሲላክ ማጫወቻው «አይሆንም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ወደ ሀገር ቤት ዕቃ የምንልክ ሰዎች «ለሁሉም ሀገር የሚሆን» የሚል ስናይ ደስ ይለናል። አጭበርባሪውም ይህን ያውቃል። ትልልቆቹ የሆሊውድ ድርጅቶች ግን ፊልማቸውን በዲቪዲ ሲያወጡ እንደ ደንቡ በቁጥር ይቆልፉታል። የእነሱ ፊልም ሆኖ «ቁጥር 0» ወይም «ለሁሉም ሀገር» ካለ ጥርጣሬ ይግባችሁ። ይህ ሲባል ያልተቆለፈ ሁሉ ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም። ትንንሽ አሳታሚዎች፣ የዳዕዋና የትምህርት ዲስክ የሚያወጡ ሰዎች ሆን ብለው ሳይቆልፉ ይተዉታል። «ፎር-ኬ» የሚባለው አዲሱ ዲስክም ከመጀመሪያውም በሀገር የተከፈለ አይደለም።

ሌላው፣ ፊልሙ በእርግጥ በዲስክ ወጥቷል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ልጆቻችን የሚወዱትን «ማንዳሎሪያን» የተባለ ተከታታይ ፊልም ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2019 በዲዝኒ ፕላስ መታየት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ባለቤቱ በዲስክ ያወጣቸው ግን በታኅሣሥ 2023 ነው። በመካከሉ ባሉት አራት ዓመታት «አዲስ ኦርጅናል» ተብሎ የቀረበ ዲስክ ሁሉ ፎርጅድ ነበር፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። ይህን ለማወቅ የሚፈጀው የአሳታሚውን ስም ይዞ አምስት ደቂቃ መፈለግ ነው።

ዕቃው ከደረሰ በኋላስ? ላስቲኩን ከመቅደዳችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። ቀጥሎ ሽፋኑን አንብቡ፤ የፊደል ስህተት፣ የደበዘዘ ሥዕል፣ የማይገናኝ ጽሑፍ ካለ ተመልከቱ። ከዚያ ዲስኩን ገልብጡ። በፋብሪካ የታተመ ዲስክ የታችኛው ፊቱ ብርማ ነው፤ ሁለት ንብርብር ያለው ወደ ወርቃማ ሊያደላ ይችላል። በኮምፒዩተር የተቀዳ ዲቪዲ ግን ወደ ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ያደላል። የእኔው ሐምራዊ ነበር። እዚህም ላይ አትቸኩሉ። ዋርነር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የቆዩ ፊልሞቹን ገዢ ሲያዝ በተቀዳ ዲስክ ሲሸጥ ነበር፤ ሕጋዊ ሆኖ ሐምራዊ የሆነ ዲስክ አለ ማለት ነው። በሌላ በኩል ብርማ የሆነ ፎርጅድም ሞልቷል፤ አጭበርባሪውም ፋብሪካ አለው። በዲስኩ መካከል ባለው ቀዳዳ ዙሪያ በብርሃን ፊት ስታዘነብሉት «አይ ኤፍ ፒ አይ» የሚሉ አራት ጥቃቅን የእንግሊዝኛ ፊደላትና ከእነሱ ጋር ኮድ ይታያል። የትኛው ፋብሪካ እንዳተመው የሚያሳይ ምልክት ነው። በታተመ ዲስክ ላይ ይህ ከሌለ ወይም ተፍቆ ከሆነ ምልክቱ መጥፎ ነው። ስላለ ብቻ ደግሞ ዋስትና አይሆንም፤ ይህንንም አስመስለው ያትሙታልና።

መጀመሪያ ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ የፊልሙ ርዝመት እዚህ ጋ ይመጣል። ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ነው፤ ባለ ሁለቱ 8.5። ከሦስት ሰዓት በላይ የሆነ ፊልም በርካሹ ዲስክ ላይ ሲጠቀጠቅ ምስሉ ይጨፈለቃል። ያ ያየነው ጭጋግ ከዚህ የመጣ ነው። ሁለት የተለያዩ ረጃጅም ፊልሞችን የያዘ ዕቃ ተብሎ አንድ ዲስክ ሲደርሰኝ ማጫወቻውን ከመክፈቴ በፊት ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። በኋላ ሳየው ዐረብኛው ብቻ ነው የተቀዳው፤ እሱም እስከ መጨረሻው አይሄድም።

ለሻጩ ጻፍኩለት። መልሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ፤ ደግሞ እንዴት ያለ ትሕትና! «ወንድሜ፣ ዲስኩን ያዘው፣ ግማሹን ገንዘብ እመልስልሃለሁ፣ ቅሬታህን ብቻ ሰርዝ።» ይህ የተለመደ ዘዴ ነው። ግማሹን ተቀብሎ ቅሬታ የሰረዘ ገዢ መብቱን ዘጋ፤ ሻጩም መጥፎ ስም ሳይወጣለት በሚቀጥለው ሰው ላይ ይቀጥላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አመንትቻለሁ። አራት ዶላር ተኩል ተመልሶልኝ ከመጨቃጨቅ ማረፍ አማረኝ። እንቅፋት የሆነብኝ የልጄ ጥያቄ ነው። «እሺ ካልከው ለሌላ ልጅ አባት ይሸጠዋል አይደል?» አለችኝ።

በሸሪዓችን ዕቃው ተደብቆ የነበረ ነውር ከተገኘበት ገዢው የመመለስ መብት አለው፤ ፉቀሃዎች «ኺያሩል-ዐይብ» ይሉታል። ገበያዎቹም በየራሳቸው ደንብ ይህን ይሰጣሉ። ኢቤይ ዕቃው ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ቅሬታ ይቀበላል። አማዞን ከሌሎች ሻጮች ለተገዛ ዕቃ እስከ 90 ቀን ይሰጣል። ቅሬታውን ስታቀርቡ «አልወደድኩትም» ሳይሆን «ፎርጅድ ነው» ብላችሁ ፎቶውን አያይዙ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በገበያው በኩል ከከፈላችሁ ነው። «ቅናሽ አደርግልሃለሁ፣ በቀጥታ ላክልኝ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ከዚያ ንግግር ውጡ፤ ገንዘቡ አንዴ በሐዋላ ከሄደ የሚመልሰው የለም። በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ገበያው እምቢ ቢለው እንኳ ባንኩን መጠየቅ ይችላል።

ሙሉ ገንዘቤ ተመለሰልኝ። ገበያው «ዲስኩን መመለስ አያስፈልግህም» አለኝ። እንግዲህ ፎርጅዱ እጄ ላይ ቀረ።

ከባዱ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ልጆቻችን ቅዳሜና እሑድ የሚማሩበት መድረሳ አስተማሪ ነገሩን ሰምቶ «ከምትጥለው ለልጆቹ ስጠን፣ እስከ ግማሹም ቢሆን ይጠቅማል» አለኝ። ለኸይር ነው፤ ማን እምቢ ይላል? እኔም ወደ መስጠት አዘንብዬ ነበር። ከዚያ አንድ አዋቂ ሰው ጠየቅሁ። እሳቸው ያመለከቱኝ፣ መቀመጫውን ጅዳ ያደረገው ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 ኩዌት ላይ ተሰብስቦ ያሳለፈውን 43ኛ ውሳኔ ነው። የንግድ ስም፣ የድርሰትና የፈጠራ መብት የገንዘብ ዋጋ ያለው የባለቤቱ ሐቅ ነው፤ በሸሪዓም የተጠበቀ ነው፤ መድፈር አይፈቀድም ይላል። እንግዲህ የዐቃድ ሐቅ ከመንገድ ዳር ፊልም የሚያነስበት ምክንያት የለም። ሰውዬው ይህን ፊልም ለመሥራት በሞሮኮ ጀምሮ፣ ከዚያ እንዲወጣ ተደርጎ፣ በሊቢያ ነው የጨረሰው። እሱና ሴት ልጁ ሪማ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓማን ውስጥ በሆቴሎች ላይ በተጣለው ፍንዳታ ሕይወታቸው አለፈ።

እዚህ ላይ ወደ ጎን ወጣ ልበልና፣ እኛም ቤት ንጹሕ አይደለንም። መንዙማ በካሴት ይሸጥ በነበረበት ዘመን አንዱ ገዝቶ ሰፈሩ ሁሉ ሲቀዳ ነበር፤ ሱቁ ራሱ ቀድቶ ሲሸጥ ነበር። መድዱን ያወጣው ሰው ግን ልጆቹን በምን ያሳድግ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። በሀገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን ልማዱ ቶሎ አልለቀቀንም። የፈጅር ሶላት የማያመልጠው ሰው «ሲዲ ነው፣ ምን አለበት?» ሲል ሰምቻለሁ። እኔም ብዬው አውቃለሁ።

ለአስተማሪው «ወንድሜ፣ ይህን አልሰጥህም፤ ልጆቹን ስለ እምነት እያስተማርን በሐሰተኛ ዕቃ አይሆንም» አልኩት። ትንሽ ቅር ብሎት ነበር። ዲስኩን ሁለት ቦታ ሰብሬ ጣልኩት። ሳይሰበር የተጣለ ዲስክ ከቆሻሻ ተነስቶ ተመልሶ ገበያ ይወጣል፣ ያገለገለ ዕቃ በምንሸጥበት ሱቅ ጭምር። መስበር ትንሽ ያማል፤ ስለቱ ስለታም ነውና በጨርቅ ጠቅልላችሁ ስበሩት።

ከዚያ ያገለገለ ኦርጅናል ፈለግሁ። አንድ አዛውንት ሻጭ አገኘሁ። ዲስኮቹን ገልብጦ ፎቶ አንስቷል፤ በአንዱ ላይ ቀጭን ጭረት እንዳለ፣ ሽፋኑም ጥጉ ላይ እንደተቀደደ ራሱ ጽፏል። እርጥቡን ከላይ ያደረገ ሰው ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዶላር ከፈልኩ። ለመድረሳው አስተማሪም እንዲህ ያለ ሌላ ኦርጅናል ብንገዛ ወጪውን እንካፈል ብዬው ተስማምተናል። ብዙ ሰው ሰብስቦ ለማሳየት ግን ከባለመብቱ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ስለተነገረን እሱን ገና እየጠየቅን ነው።

እናቴ ወደ ሀገሯ ልትመለስ አራት ቀን ሲቀራት ዲስኩ ደረሰ። ከመግሪብ በኋላ ሁላችንም ተቀመጥን። ጀዕፈር በነጃሺ ፊት ቆሞ ተናገረ፤ ዲስኩም አልቆመም። እናቴ አንዴ ዕንባዋን ጠረገች። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ንጉሡን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተችውና «ልብሱ ግን የእኛ ሀገር ልብስ አይደለም» አለች።